የገመድ አልባ የቤት ስልክ ባትሪ

የገመድ አልባ የቤት ስልክ ባትሪ በመደበኛ ስልክ እጀታ ውስጥ ተቀምጦ ደጋግሞ የሚሞላ የኤሌክትሪክ ኃይል ማከማቻ ነው። ስልኩ ሁለት ክፍሎች አሉት፦ ከስልክ መስመርና ከሶኬት ጋር የሚገናኘው ማስቀመጫ (ቤዝ) እና በሬዲዮ ሞገድ ከእሱ ጋር የሚገናኘው እጀታ። ባትሪው የሚሞላው እጀታው በማስቀመጫው ላይ ሲቀመጥ ነው።

ዓይነቶች

የቆዩ ስልኮች በአብዛኛው የኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ይጠቀማሉ። ይህን ዓይነት ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1899 የፈለሰፈው ስዊድናዊው ዋልደማር ዩንግነር ነው። በኋላ በብዛት የተተካው በኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ ነው። የሁለቱም አንድ ሴል 1.2 ቮልት ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁለት ሴል ያለው ስልክ በ2.4፣ ሦስት ሴል ያለው በ3.6 ቮልት ይሠራል።

በየሱቁ የሚሸጠው ተራ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሆን እንደገና አይሞላም። በመጠን ስለሚመሳሰል በስህተት ቢገባና ማስቀመጫው ላይ ቢሞላ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

አሞላል

በዝግታ ሲሞላ ፍሰቱ የባትሪውን አቅም አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ለምሳሌ 600 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ60 ሚሊአምፔር በ10 ሰዓት ይሞላል ተብሎ ይሰላል፤ ከኃይሉ ከፊሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ግን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ባትሪ ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት ሙሉ በሙሉ መሞላት አለበት። ባትሪው ካልሞላ፣ ከመጣሉ በፊት የእጀታውንና የማስቀመጫውን የብረት መገናኛዎች በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

አቀያየር

ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ሲያነጋግር የሚዘጋ ባትሪ ዕድሜው አልቋል። አዲሱ በዓይነትና በቮልት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን፣ የ+ እና የ− አቅጣጫውም መጠበቅ አለበት። ሴሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ አንዱ ብቻ ቢቀየር ደካማው ቀድሞ አልቆ በሌላው ኃይል ይጎዳል።

መብራት ሲጠፋ

በመዳብ ሽቦ የሚሠራ ባለገመድ መደበኛ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው፣ 48 ቮልት ገደማ ከሆነ ምንጭ ነው። ገመድ አልባው ግን ማስቀመጫው የቤቱን 220 ቮልት ይፈልጋል። እንደ ዱራሜና ሆሳዕና ባሉ ከተሞች መብራት ሲጠፋ የእጀታው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ማስቀመጫው ስለሚቆም መደወል አይቻልም። ስለዚህ በድንገተኛ ሕመም ወይም በእሳት ጊዜ መደወል እንዲቻል፣ በዚያው መስመር ላይ አንድ ባለገመድ ስልክ ማቆየት ይመከራል።

አወጋገድ

ካድሚየም መርዛማ ብረት ነው፤ በኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፣ ተክሎችም ከአፈር ይወስዱታል። በከምባታና በሀዲያ እንሰት የሚተከለው በቤት ዙሪያ ሲሆን ፍግና የቤት ጥራጊም እዚያው ይደፋል። በመሆኑም ያረጀ ባትሪ ከጥራጊው ጋር መጣልም መቃጠልም የለበትም። ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ ከዚያም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስብ አካል ይሰጣል። በኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው።