ስፒሪችዋል ዩኒቲ (አልበም)

ስፒሪችዋል ዩኒቲ («መንፈሳዊ አንድነት» እንደ ማለት ነው) አሜሪካዊው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች አልበርት አይለር ከባስ ተጫዋቹ ጋሪ ፒኮክና ከድራም መቺው ሰኒ መሬይ ጋር ሆኖ የቀረጸው የፍሪ ጃዝ አልበም ነው። የተቀረጸው ሐምሌ 3 ቀን 1956 ዓ.ም. (ጁላይ 10 ቀን 1964 እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ከተማ ሲሆን፣ ኢኤስፒ-ዲስክ የተባለው አሳታሚ በ1965 እ.ኤ.አ. በሸክላ አወጣው። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ያም ሆኖ በአነስተኛ ቡድን ከተቀረጹት የፍሪ ጃዝ ሥራዎች ሁሉ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ዋናው ምክንያት ሦስቱ ተጫዋቾች መሪና አጃቢ ሳይባባሉ እኩል የሚነጋገሩበት ቅጂ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በተለመደው ጃዝ ቡድኑ መጀመሪያ ዋናውን ዜማ ይጫወታል። ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው፣ በዚያው ዜማ የኮርድ ቅደም ተከተል ላይ እየተመላለሰ፣ እዚያው በዚያው አዲስ ዜማ ይፈጥራል። ባሱና ድራሙ ምቱን ሳያዛንፉ ስለሚይዙ ተራው የደረሰው ተጫዋች የት ላይ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በ1950ዎቹ መጨረሻ እነ ኦርኔት ኮልማንና ሴሲል ቴይለር ይህን ማዕቀፍ ማላላት ጀመሩ። ኮልማን በዲሴምበር 1960 ስምንት ሙዚቀኞችን በሁለት ኳርቴት ከፍሎ «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን አልበም ቀረጸ፤ የስልቱ መጠሪያም ከዚህ አልበም ጋር ተያይዞ ተስፋፋ። ቴይለር ደግሞ በ1962 መገባደጃ በኮፐንሀገን ከተማ ባስ በሌለበት ቡድን፣ በፒያኖ፣ በአልቶ ሳክስፎንና በድራም ብቻ ሲጫወት ተቀረጸ። የዚያ ቡድን ድራም መቺ ሰኒ መሬይ ነበር።

እንዲህ ያለው ሙዚቃ በኖታ ተጽፎ ለሌላ ቡድን ሊተላለፍ አይችልም። የዋናው ዜማ ኖታ ቢጻፍ እንኳ አብዛኛው ሙዚቃ ተጫዋቾቹ በዚያች ሰዓት የፈጠሩት ነው። ስለዚህ በፍሪ ጃዝ ቅጂው የአንድ ድርሰት ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው።

ተጫዋቾቹ

አልበርት አይለር በጁላይ 13 ቀን 1936 በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ተወለደ። ሳክስፎን መጫወትን መጀመሪያ ያስተማረው አባቱ ነው። በወጣትነቱ ከብሉዝ ተጫዋቹ ሊትል ዎልተር ጋር በየከተማው ዞሮ ተጫውቷል። በ1958 የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብቶ በፈረንሳይ በሰፈረ የጦሩ የሙዚቃ ባንድ አገለገለ። ከጦሩ ሲሰናበት በአገሩ የሚያጫውተው በማጣቱ በ1962 ወደ ስዊድን ተሻገረ።

አይለር በጃኑዋሪ 1963 በኮፐንሀገን የቀረጸው «ማይ ኔም ኢዝ አልበርት አይለር» የተባለ አልበም በዚያን ጊዜ የነበረበትን ችግር በግልጽ ያሳያል። አጃቢዎቹ የታወቁ የጃዝ ዜማዎችን በተለመደው ምትና ኮርድ ይጫወታሉ፤ እሱ ግን ከዚያ ውጭ በሆነ ድምፅና አካሄድ ይሄዳል። አድማጭ ሁለት የተለያየ ሙዚቃ በአንድ ጊዜ የሚሰማ ይመስለዋል። አይለር የጎደለው ችሎታ ያለው አጃቢ ሳይሆን በሄደበት አብሮት የሚሄድ ተጫዋች ነበር።

ጋሪ ፒኮክ በ1935 በአይዳሆ ግዛት ተወለደ። በዲሴምበር 1963 ከፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኤቫንስ ጋር «ትሪዮ 64» የተባለውን አልበም ስለቀረጸ የተለመደውን ጃዝ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሰኒ መሬይ በ1936 በኦክላሆማ ግዛት የተወለደ ሲሆን፣ አይለርን ያገኘው ከሴሲል ቴይለር ጋር ወደ ስካንዲኔቪያ በሄደበት ወቅት ነው። ሦስቱ በጁን 14 ቀን 1964 በኒው ዮርክ ሴላር ካፌ አብረው ሲጫወቱ ተቀርጸዋል፤ ይህም ቅጂ ከዓመታት በኋላ «ፕሮፌሲ» በሚል ርዕስ ታትሟል። ስለዚህ ወደ ስቱዲዮ ሲገቡ አንዱ የሌላውን አጨዋወት ለምዶ ነበር።

የቀረጻው ዕለት

አሳታሚው በርናርድ ስቶልማን የሕግ ጠበቃና የኤስፔራንቶ ቋንቋ ወዳጅ ነበር። የድርጅቱ ስም ከዚሁ ቋንቋ ስም የተወሰደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሸክላም በኤስፔራንቶ የተዘጋጀ ነበር። ስቶልማን አይለርን በ1963 መጨረሻ በሃርለም ሠፈር በሚገኝ የሙዚቃ ቤት ሲጫወት ሰምቶ ቀረጻ እንዲያደርግለት ጠየቀው።

ቀረጻው የተካሄደው በማንሃተን፣ በታይምስ ስኩዌር አቅራቢያ ባለው ቫራይቲ አርትስ የተባለ አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። ስቶልማን በኋላ እንዳወራው፣ የድምፅ ባለሙያው ሙዚቃው ሲጀመር ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወጥቶ ሄደ፤ የተመለሰው የቴፑ ጥቅል መቀየሪያ ሲደርስ ነው። የተቀረጸውም በስቴሪዮ ሳይሆን በሞኖ ነበር። በሞኖ ሦስቱ መሣሪያዎች ግራና ቀኝ ሳይለያዩ ከአንድ ቦታ ይሰማሉ።

የዜማዎቹ ዝርዝር

አልበሙ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁሉም የአይለር ድርሰቶች ናቸው።
1. ጎስትስ፦ ፈርስት ቬሪዬሽን (5 ደቂቃ ገደማ)
2. ዘ ዊዛርድ (7 ደቂቃ ገደማ)
3. ስፒሪትስ (7 ደቂቃ ገደማ)
4. ጎስትስ፦ ሰከንድ ቬሪዬሽን (10 ደቂቃ ገደማ)

የሙዚቃው አሠራር

የአይለር ዜማዎች ቀላል ናቸው። «ጎስትስ» የሕፃናት ወይም የገጠር ዘፈን የመሰለ፣ አንዴ የሰማ ሰው ሊያንጎራጉረው የሚችል ዜማ ነው። ዜማው መግቢያና መውጫ በር ሆኖ ያገለግላል፤ በመካከል ግን ተጫዋቾቹን የሚያስር ኮርድም ሆነ የተቆጠረ ምት የለም።

አይለር የሚጠቀምበት ሪድ፣ ማለትም በሳክስፎን አፍ ላይ ታስሮ በትንፋሽ የሚርገበገበው ስስ ምላስ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ነበር። ይህም ድምፁን ትልቅና ሸካራ አድርጎታል። ድምፁን በሰፊው ያንቀጠቅጣል፤ ከመሣሪያው ከፍታ በላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ ወደ ታች ወርዶ ያጓራል። በፈጣን ሩጫው ውስጥ ነጠላ ኖታዎችን ለይቶ መቁጠር ያስቸግራል። የሚያዘው የኖታዎቹ ተራ ሳይሆን የድምፁ ቅርጽ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወፍራል፣ ይሰበራል። የጥቁር አሜሪካውያንን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ስብከት የሚያውቅ አድማጭ መነሻውን ለመለየት አይቸገርም።

ሰኒ መሬይ ምት አይቆጥርም። በሲምባሎቹ ላይ ያለማቋረጥ እየነካካ የማይቋረጥ ጭጋግ የመሰለ ድምፅ ያነጥፋል፤ የሚለዋወጠው ፍጥነቱ ሳይሆን ጥግግቱና ጉልበቱ ነው። ይህ ለሳክስፎኑ ቦታ ይሰጣል፤ አይለር በየትኛውም ሰዓት ቢጀምር ወይም ቢያቆም «ከምት ወጣ» ሊባል አይችልም።

ጋሪ ፒኮክም የኮርድ ሥር ከመያዝ ነጻ ስለሆነ እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ይንቀሳቀሳል። ሳክስፎኑ ሲጮህ ባሱ ዝቅ ብሎ በፍጥነት ይሮጣል፤ ሳክስፎኑ ሲያርፍ ባሱ ንግግሩን ይረከባል። ሳክስፎኑ ጮክ ብሎ ስለሚሰማ አዲስ አድማጭ ባሱን ሊዘነጋው ይችላል። አንድ ጊዜ ባሱን ብቻ ተከትሎ ማዳመጥ የአልበሙን አሠራር ለመረዳት ጥሩ መንገድ ነው። ሁለቱን የ«ጎስትስ» ቅጂዎች ማነጻጸርም እንዲሁ ይጠቅማል፤ ዜማው አንድ ሆኖ ሳለ በመካከል ያለው ሙዚቃ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አይለር ራሱ ስለዚህ ቀረጻ ሲናገር፣ ያን ቀን ሦስቱ ያደረጉት መጫወት ሳይሆን እርስ በርስ መደማመጥ እንደነበር ገልጿል። የአልበሙ ርዕስም ከዚህ ሐሳብ ጋር ይገናኛል። ቡድኑ ሦስት ሰው ብቻ መሆኑ መደማመጡን ያቀልለታል። በስምንት ወይም በአሥር ሰው ቡድን የአንዱ ድምፅ በሌሎቹ ሊዋጥ ይችላል፤ በሦስት ሰው ቡድን ግን አንዱ ዝም ሲል ወዲያው ይታወቃል።

አሳታሚውና ሸክላው

የሸክላውን ሽፋን የሠራው ሃዋርድ በርንስታይን ነው። ኢኤስፒ-ዲስክ በሸክላዎቹ ላይ አድማጭ የሚሰማውን የሚወስኑት ሙዚቀኞቹ ብቻ እንደሆኑ ያውጅ ነበር። ይህ ለጊዜው ያልተለመደ ነጻነት ነው። የገንዘቡ ነገር ግን ሌላ ነበር፤ ለድርጅቱ የቀረጹ በርካታ ሙዚቀኞች ተገቢው ክፍያ እንዳልደረሳቸው ቅሬታ አሰምተዋል። ስቶልማን በበኩሉ ሸክላዎቹ ትርፍ እንዳላመጡና በሕገ ወጥ መንገድ እየተባዙ እንደተሸጡበት ይናገር ነበር።

አቀባበልና ተጽዕኖ

አልበሙ ሲወጣ የጃዝ ጸሐፍት ተከፋፈሉ፤ ለአንዳንዱ ጩኸት፣ ለሌላው አዲስ ቋንቋ ነበር። ከሙዚቀኞች መካከል ዋነኛው አድናቂ ጆን ኮልትሬን ሲሆን፣ አይለር ኢምፐልስ ከተባለው ትልቅ አሳታሚ ጋር እንዲዋዋል ረድቶታል። ኮልትሬን በጁላይ 1967 ሲሞት አይለር በቀብር ሥነ ሥርዓቱ ላይ ተጫውቷል።

በአውሮፓም የጀርመኑ ሳክስፎን ተጫዋች ፒተር ብሮትስማን በ1967 በሳክስፎን፣ በባስና በድራም ብቻ «ፎር አዶልፍ ሳክስ» የተባለውን አልበም ራሱ ቀርጾ ራሱ አሳተመ። በ2005 ጊታር ተጫዋቹ ማርክ ሪቦ የአይለርን ሥራዎች የሚጫወት ቡድን አቋቁሞ ቡድኑንም አልበሙንም «ስፒሪችዋል ዩኒቲ» ብሎ ሰየመ።

ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጋር ያለው ግንኙነት

ኢትዮጵያዊው ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ (1935–2016) ሽለላን በቴነር ሳክስፎን በመጫወት ይታወቃል። የእሱ ቅጂዎች በኢትዮፒክስ ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ቅጽ በውጭ አገር ሲሰራጩ፣ ምዕራባውያን ጸሐፍት አጨዋወቱን ከአይለር ጋር አመሳስለውታል። ተመሳሳይነቱ በድምፁ ጉልበት፣ በሰፊው ንዝረትና ከልክ በላይ በሚወጣው ጩኸት ነው። መነሻቸው ግን የተለያየ ነው፤ የአይለር የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያንና ብሉዝ፣ የጌታቸው ደግሞ የጦር ሜዳው ሽለላና ፉከራ ነው። ጌታቸው በ2004 በአምስተርዳም ከኔዘርላንዱ የፍሪ ሙዚቃ ቡድን አይሲፒ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተ፤ ከዚያም ዘ ኤክስ ከተባለው ቡድን ጋር የሠራው «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ።

ከአልበሙ በኋላ

ሦስቱ በዚያው ዓመት መኸር ከመለከት ተጫዋቹ ዶን ቼሪ ጋር በአውሮፓ ዞረው ተጫወቱ። አይለር ከ1965 ጀምሮ መለከት ተጫዋች ወንድሙን ዶናልድን ጨምሮ ሰፋ ወዳለ ቡድን ተሻገረ። በኖቬምበር 1970 አስከሬኑ በኒው ዮርክ ኢስት ሪቨር ወንዝ ውስጥ ተገኘ፤ ዕድሜው 34 ነበር። ሰኒ መሬይ በ2017 በፓሪስ አረፈ። ጋሪ ፒኮክ ከ1983 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በኪት ጃሬት ትሪዮ ተጫውቶ በ2020 ሞተ። ሦስቱ ለብቻቸው በስቱዲዮ ቀርጸው በአይለር ሕይወት ሳለ ያወጡት አልበም ስፒሪችዋል ዩኒቲ ነው።