ሳይንተከተክ የሚፈጀው

ጠጋ በሉማ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያም ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ቀን ነው። ከቆላ የወጣው ከደጋ ከወረደው ጋር ይጋፋል። አንዲት እናት ቅቤ ልትመርጥ ጎንበስ ስትል አንገቷ ላይ ያለው የብር መስቀል ከጥቁር ማተቡ ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ መስቀልና ስለዚያ ቅቤ ነው። ሁለቱም ይነጠራሉና።

አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ግስ ነው የሰጠው። እታለም ቅቤውን በኮረሪማና በኮሰረት ታነጥራለች፤ አረፋውን ገፍፋ አተላውን ከድስቱ ሥር ታስቀራለች። ባለ እጁም ብሩን ያነጥራል፤ አንጥረኛ መባሉ ለዚህ ነው። መስቀሉ ቀድሞ ገንዘብ ነበር፤ ማርትሬዛ። ስሙን ያወረሰችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ከሞተች በኋላ ሲመታ እንኳ 1780 የሚለውን ዓመት ሳይለቅ የኖረ፣ 28 ግራም የሚመዝን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ማርትሬዛ ከገበያ እያፈገፈገ ሄደ። ወደ አንጥረኛው ወናፍ መሄዱን ግን አልተወም። እዚያ ድሪ ሆነ፣ አልቦ ሆነ፣ መስቀል ሆነ።

የወናፉ እሳት ክፉ ቢሆንም ግልጽ ነው። ከሰሉ ይንጣጣል፤ ወናፉ ያለከልካል፤ 960 ዲግሪ አልፎ የቀለጠ ብር ገና ከሩቁ «ወግድ!» ይላል። ባለ እጁ ይህን ከአባቱ ተምሯል፤ ጉጠቱን ረዘም አድርጎ ይይዛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ማንጠሪያ መጥቷል፤ አሠራሩን የሚያሳይ ቪዲዮ ስልክ ላይ ሞልቷል። የጋለ ሰልፈሪክ አሲድ። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ዳርሴ በ1802 እ.ኤ.አ. ወርቅን ከብር ለመለየት ለሥራ ያዋለው ዘዴ ነው። የተከማቸ፣ ማለትም ውሃ ያልበዛበት፣ አሲድ ሲግል ብሩንና መዳቡን ያሟሟል፤ ወርቁን ሳይነካ ከሥር ይተወዋል። የአውሮፓ አንጣሪዎችም በአሮጌ የብር ሳንቲሞች ውስጥ የተደበቀችውን ቅንጣት ወርቅ በዚህ መንገድ ለቀሙ። ግን ለዚያ ሥራ ወፍራም የብረት ጋን፣ ጭሱን የሚስብ ጭስ ማውጫ፣ የሠለጠነ ሠራተኛም ነበራቸው። ጓሮ ውስጥ፣ በቡታጋዝ ላይ አልነበረም።

አደጋው ምኑ ላይ ነው? ዝምታው ላይ! ውሃ ሲፈላ ይናገራል፤ ይንተከተካል፣ ክዳኑን ያንቀጠቅጣል። በጋይንት ደጋማ መሬት ላይማ 100 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው የሚፈላው። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ግን 200 ዲግሪ አልፎም እንደ ዘይት ረግቶ ይተኛል፤ የሚፈላው 300 አልፎ ነው። ያየው ሰው ገና አልሞቀም ይላል። እታለም፣ አንቺ ይህን ታውቂዋለሽ፦ በጋለ ዘይት ላይ ከእጅሽ የውሃ ጠብታ ሲያመልጥ ምን ይሆናል? ይፈነዳል፣ ክንድሽን ይጠብስሻል። አሲዱም እንዲሁ ያደርጋል፤ ያውም ውሃ ሲያገኝ ከራሱ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ከግንባር የወረደች የላብ ጠብታ፣ ያልደረቀ ማማሰያ፣ ይበቃል። ብርጭቆ ዕቃም በድንገት ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ የሚፈሰው እሳቱ ላይ ነው።

የዘይት ቃጠሎ ሲበርድ ያቆማል። ይህኛው አያቆምም። ስኳር ላይ ቢንጠባጠብ ውሃውን ነጥቆ ከሰል ያደርገዋል፤ የጥጥ ጋቢንም ያጠቁረዋል፤ ሥጋም ከዚህ አይተርፍም። ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን ያጠፋል። ብሩ ሲሟሟ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚሰነፍጠው ያው የድኝ ጭስ ነው፤ ከክብሪቱ ይልቅ እጅግ የበዛ። በር በተዘጋ ቤት ሳንባ ያንቃል።

ድሮ እኮ ሰው የባለ እጁን ዓይን ይፈራ ነበር። ቡዳ ነው ብሎ ልጁን ይሸሽግበታል፤ በእጁ የሠራውን መስቀል ግን አንገቱ ላይ ያስራል! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። እኔ ግን እላለሁ፦ ልጅ የሚሸሸግ ከሆነ፣ በውሃ መጠጫ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ከአልጋ ሥር ከተቀመጠው አሲድ ይሸሸግ።

አሲዱስ ከየት ይመጣል? በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አዋሽ መልካሳ ላይ ፋብሪካ አለ፤ እዚያው ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ የሚሆነው አልሙኒየም ሰልፌትም ይመረታል። በየጋራዡ ያለው የባትሪ አሲድ ከክብደቱ ሢሶው ገደማ አሲድ፣ የቀረው ውሃ ነው። ውሃውን አፍልቶ ለማጥፋት የሚሞክር ሰው በገዛ እጁ ያንን ዝምተኛ ዘይት እየሠራ ነው። ከአሮጌ ባትሪ ከቀዳው ደግሞ እርሳስም አብሮ ይቀዳል።

ወንድም ዓለም አንጥረኛ፣ ለመስቀል የሚሆነውን ብር ወናፍህ ያቀልጥልሃል። ማርትሬዛውን አሲድ ውስጥ የሚያስገባ ጉዳይ የለህም። የተረፈችውን ወርቅ ፍለጋ ከሆነ፣ ዓይንህን የሚያህል ወርቅ አታገኝም።

አሲድ ሰው ላይ ከፈሰሰ ልብሱን ወዲያው ማውለቅ፣ በሚፈስ ብዙ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ቅቤ መቀባት፣ ሎሚ ማፍሰስ አይሆንም። በደቂቃ 5 ሊትር ብታፈስስ፣ ባለ 20 ሊትሯ ጀሪካን በ4 ደቂቃ ታልቃለች። 20 ደቂቃ ማለት በጀርባ ታዝሎ የመጣ አምስት ጀሪካን ውሃ ነው።