የቀለም መሥመርና የጠርዝ ድንጋይ፤ የብስክሌት መንገድ ከቆመ መኪና ጋር ያደረገው ትግል

በከተማ ውስጥ በብስክሌት የሚመላለስ ሰው ሁሉ በልምድ ያወቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በብስክሌት መንገድ ላይ የቆመ መኪና ከሚሄደው መኪና ይልቅ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የሚሄደው ያልፋል፤ የቆመው ግን ብስክሌተኛውን ከተመደበለት ሥፍራ አውጥቶ ከኋላው በፍጥነት በሚመጡት ተሽከርካሪዎች መካከል ያስገባዋል። አሽከርካሪው ቢጠየቅ መልሱ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህችን አንዲት ደቂቃ የመንገድ መሐንዲሶች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲታገሏት ኖረዋል። የትግሉ ታሪክ ሙያችንን በቀጥታ ስለሚመለከት በዚህ ጽሑፍ እናወሳዋለን። የውጭ አገሮቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብስክሌትን ከመኪና የመለየት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1934 በለንደን ምዕራባዊ ጫፍ በዌስተርን አቬኑ ግራና ቀኝ ለብስክሌት ብቻ የሚሆን መንገድ ተሠርቶ ነበር። የሚያስገርመው ግን በብርቱ የተቃወሙት የብስክሌተኞቹ ማኅበራት ራሳቸው ነበሩ፤ ከዋናው መንገድ ሊያስወጡን ነው ብለው ሰጉ። ሥጋታቸው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነበር ለማለት አይቻልም።

ነገሩ በጥልቀት የተፈተነው በኔዘርላንድስ ነው። ይህች አገር ዛሬ በብስክሌት የታወቀች ብትሆንም፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አደባባዮቿና የቦይ ዳር መንገዶቿ በቆሙ መኪናዎች ተሞልተው ነበር። በ1971 በመንገድ አደጋ 3,300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ልጁን በዚሁ አደጋ ያጣው ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ በ1972 «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ርእሱም ለታላቅ ሕዝባዊ እንቅስቃሴ መጠሪያ ሆነ። በ1973 የነዳጅ ችግር በደረሰ ጊዜ መንግሥት በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም መንገዱ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል በዐይኑ አየ።

ከዚህ በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት በሄግና በቲልቡርግ ለናሙና የሚሆኑ የብስክሌት መንገዶችን በገንዘቡ አሠራ። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጥያቄ ብቅ ያለው። መንገዱ ከቀለም አልፎ በጠርዝ ድንጋይ ሲለይ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ይቀንሳል። ባለ ሱቆች ገበያችን ይሞታል ብለው ተነሡ። በግሮኒንገን ከተማም በ1977 መሐል ከተማው በአራት ክፍል ተከፍሎ መኪና ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳይሻገር ሲደረግ የነጋዴው ጩኸት ይኸው ነበር። የከተማው ሹማምንት ግን ጸኑ። በበኩሌ የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ የቆመው መኪና ጉዳይ የአሽከርካሪ ጨዋነት ወይም የፖሊስ ብዛት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት፣ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ማን ስንት ሜትር ይልቀቅ የሚለው ጉዳይ ነው።

አምስተርዳም የራሷ ዘዴ ነበራት። በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቀይ የተቀቡ፣ የከተማዋን አርማ ሦስት መስቀሎች የያዙ አጫጭር የብረት ችካሎች ተተከሉ። ሕዝቡ በፍቅር «ትንሹ አምስተርዳማዊ» ይላቸዋል። የተተከሉት ለእግረኛው ጥበቃ ቢሆንም ትምህርታቸው ለብስክሌት መንገድም ያገለግላል፤ ችካል ምሳ አይበላም፣ አይለመንም። ኋላ ግን ከተማዋ ብዙዎቹን ነቅላ ከፍ ባለ ጠርዝ መተካት ያዘች፤ ችካሉ ራሱ ቦታ ይወስዳልና።

የኮፐንሃገን ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የሚያረካ ነው። ከመንገዱ መካከል ወደ ዳር ሲቆጠር በመጀመሪያ የመኪና መሄጃ፣ ቀጥሎ የቆሙ መኪናዎች፣ ከዚያ ጠርዝ፣ ከዚያ የብስክሌት መንገድ፣ በመጨረሻም ሁለተኛ ጠርዝና የእግረኛ መንገድ ይመጣል። በዚህ አሰላለፍ የቆመው መኪና ከእንቅፋትነት ወደ አጥርነት ይለወጣል። ኒውዮርክም በ2007 በዘጠነኛው አቬኑ ላይ ተመሳሳዩን ሠራች። የመኪና በር ሲከፈት ብስክሌተኛውን እንዳይመታ በመካከል ትርፍ ስፋት መተው ግን ግድ ነው።

ለንደን በበኩሏ በ2010 ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ መንገዶችን ከፈተች። ቀለሙ ያማረ ነበር፤ መኪና ግን አላቆመም። ኋላ ግን አንዳንዶቹ በጠርዝ ድንጋይ ተለይተው እንደገና ተሠሩ። የቪልኒየስ ከንቲባ አርቱራስ ዙኦካስ ደግሞ በ2011 በብስክሌት መንገድ ላይ የቆመ መርሴዲስ በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ሲደፈጥጡ የሚያሳይ፣ ለትርኢት የተሰናዳ ፊልም አሠራጭተው በዚያው ዓመት የኢግ ኖቤልን የፌዝ ሽልማት በሰላም ዘርፍ አገኙ። ያስቃል፤ ነገር ግን በማግሥቱ በዚያው ቦታ ሌላ መኪና እንዳይቆም የሚያደርግ ነገር የለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ባሕር ዳር ከጥንት ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት፤ አዲስ አበባም በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶችን ማግኘት ይዛለች። ስለሆነም የእነዚያ ከተሞች ጥያቄ ዛሬ የእኛም ነው። ነገር ግን ንድፋቸውን እንዳለ መገልበጥ አይበቃንም። የእኛ ሚኒባስ ታክሲ በሩ በቀኝ በኩል ነው፤ ተሳፋሪው ሲወርድ የመጀመሪያ እርምጃው በመንገዱ ዳር በሚያልፈው የብስክሌት መሥመር ላይ ያርፋል። ረዳቱን በመቆጣት ይህ አይስተካከልም፤ የብስክሌቱ መንገድ ከፌርማታው በስተጀርባ መዞር፣ ለተሳፋሪውም መቆሚያ የሚሆን ደሴት መሠራት አለበት። ዕቃ የሚያራግፈው የጭነት መኪናም ሕጋዊ ቦታ ካልተሰጠው ጠርዙን ወጥቶ ይቆማል፤ ጎማው ከድንጋያችን ይበልጣልና።

ሌላው የዝናቡ ነገር ነው። ነባሩ መንገዳችን ውኃውን ወደ ዳር እንዲያወርድ ተዳፋት ሆኖ የተሠራ በመሆኑ፣ በላዩ የምንደረድረው የጠርዝ ድንጋይ የሐምሌን ጎርፍ ይገድባል። ድንጋዩን በየመካከሉ ክፍተት እየተዉ መደርደር፣ ወይም የፍሳሽ መቀበያውን ከጠርዙ ወዲህ ማምጣት ያስፈልጋል። ክፍተቱም ለውኃው የሚበቃ፣ ለመኪና ጎማ ግን የማይበቃ መሆን ይኖርበታል።