ፍልውሃ፦ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት የብርድ ጊዜ ማረፊያ

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ብርዱ ሲበረታ ሰው ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ተራራ ይወጣል፤ የንጉሥ ምኒልክ መኳንንት ግን 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከብርዳሙ እንጦጦ ዛሬ በካዛንቺስ አቅራቢያ ወደሚገኘው ፍልውሃ፣ ማለትም ከመሬት ውስጥ ሞቆ ወደሚፈልቀው ማዕድናማ ውሃ፣ ይወርዱ ነበር። ይህ ጉዞ ብርቱ ዝግጅት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ድንኳኑና ስንቁ በአጋሰስ ተጭኖ ይወርድና እንፋሎት በሚተንበት ሜዳ ዙሪያ ይሰፈር ነበር፤ ውሃውም ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ፍቱን እንደሆነ ይታመንበት ነበር። በ1879 ዓ.ም.፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል በአካባቢው ቤት እንዲሠራ ጠይቀው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ለከተማዋ መቆርቆር ከሁሉ የላቀውን ምክንያት ያበረከተው ይህ ፍል ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የእንጦጦ የማገዶ እንጨት መመናመንም ጊዜያዊውን ሰፈር ቋሚ መዲና ለማድረግ ረድቷል።