ዋግ ድንበር አያውቅም

እኛ ስደተኞች ድንበር ላይ ወረቀት እንጠየቃለን፤ ዋግን ግን የሚጠይቀው የለም፣ ብናኙ በነፋስ ይሄዳል። ዩጂ 99 የተባለው የስንዴ የግንድ ዋግ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ዩጋንዳ ውስጥ ተገኘ። በ2003 ኢትዮጵያ፣ በ2006 ደግሞ ሱዳን ደረሰ።

በአገራችን ዲገሉ የሚባለው ዘር ይህን ዋግ ስለሚችለው ብዙ ገበሬ ዘራው። በ2013 ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን መታው። ዝርያዎቹን በዓይን መለየት አይቻልም። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፋል፤ እስከዚያ ሰብሉ አልቋል።

ለዚህ ነው በ2018 ሆለታ ላይ የተሞከረው ማርፕል የተባለው ዘዴ ትልቅ ነገር የሆነው። የሠሩት የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት እና የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል ናቸው። ከታመመ ቅጠል የተወሰደ የቢጫ ዋግ ዲኤንኤ በእጅ በምትያዝ መሣሪያ ይነበባል፤ ዝርያው በ48 ሰዓት ይለያል። ያኔ የትኛው ዘር እንደሚያዋጣ፣ መድኃኒቱ የት ቶሎ እንደሚረጭ ይታወቃል።

ካርቱም ያለን መምህራን፣ ተማሪዎች «ዲኤንኤ ምን ይጠቅመናል?» ሲሉን የምንመልሰው ይህንን ነው፦ ዳቦ ያተርፋል።