ያልተነፋው ዱቄት፦ የቤተ እስራኤላውያን ማዕድ ከጎንደር እስከ ፔታህ ቲክቫ

በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ዋና ምግባቸው፣ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ፣ እንጀራ ነበር። በደጋው ከጤፍና ከገብስ፣ በቆላው ከማሽላና ከዳጉሳ ይጋገር ነበር። ወጡ በአብዛኛው ሽሮ፣ ምስር ወይም የአተር ክክ ነበር፤ ሥጋ ለበዓልና ለድግስ ይቆይ ነበር። የሰንበቱ ዳቦ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጋግሮ ያልቅ ነበር፤ በሰንበት እሳት ስለማይነካ የተሰናዳው ቀዝቅዞ ይበላ ነበር። በፋሲካ እርሾ ከቤት ይወጣና ቂጣ ይተካ ነበር። እህሉን ሴቶች በመጅና በወፍጮ፣ በጉልበታቸው ይፈጩት ነበር። በዚህ መንገድ የተፈጨ ዱቄት ከፍሬው ብዙ ነገር አይጎድልበትም።

ይህ ማዕድ ዛሬ ፋይበር ወይም አሰር በሚባለው ነገር የተሞላ ነበር። አሰር ማለት የሰው ሆድ መፍጨት የማይችለው የእህል፣ የጥራጥሬ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ነው። በውሃ የማይሟሟው ዓይነት ዓይነ ምድርን ያበዛል፣ ጉዞውንም ያፋጥናል፤ የሆድ ድርቀት የሚርቀው በዚህ ነው። የሚሟሟው ደግሞ፣ የተዘፈዘፈ ተልባ እንደሚያወጣው ልጋግ እየወፈረ፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ድርቀት ለያዘው ሰው ተልባ የሚበጠብጡ እናቶች ውጤቱን ከሳይንሱ ቀድመው ያውቁት ነበር። በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ከአሰሩ ከፊሉን አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያወጣሉ፤ የአንጀቱ የውስጥ ግድግዳ ሴሎችም ኃይላቸውን በዋናነት የሚያገኙት ከእርሱ ነው።

ከእህሎቹ ሁሉ ጤፍ የተለየ ዕድል አለው። ስንዴ ሲፈጭ ፉርሽካው ተነፍቶ ይወጣል፤ የጤፍ ፍሬ ግን እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሽፋኑን ለይቶ ማውጣት አይመችም። ስለዚህ ነጭም ሆነ ሰርገኛ ወይም ቀይ፣ ጤፍ የሚበላው ከነሙሉ አካሉ ነው። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር ይገኛል፤ ተነፍቶ በነጣ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው 3 ግራም እንኳ አይሞላም።

ቤተ እስራኤላውያን ኋላ ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ፣ ፔታህ ቲክቫ፣ ትርጓሜዋ የተስፋ በር፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ከኢየሩሳሌም በወጡ አይሁድ ተቆረቆረች። በወባ ምክንያት ለጊዜው ተለቅቃ ነበር፤ ኋላ ግን በብርቱካን እርሻ ጸናች፣ በ1937ም ከተማ ተባለች። በተቆረቆረችበት ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የብረት ወፍጮ የድንጋዩን እየተካ ነበር። ነጭ ዱቄትን የባለጠጋ ብቻ ከመሆን አውጥቶ የሁሉም ሰው እንጀራ ያደረገው ይህ ወፍጮ ነው።

የፋይበር ጉዳይ በሕክምናው ዓለም ጎልቶ የተነሣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በኡጋንዳ ለረጅም ዓመታት የሠራው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 አንድ ጥናት አሳተመ። ምግብ በኡጋንዳ የገጠር ነዋሪዎች ሆድ ውስጥ በአማካይ 36 ሰዓት ገደማ ሲቆይ፣ በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዘንድ 76 ሰዓት ያህል ይቆይ ነበር። በርኪት በአውሮፓ የተስፋፉትን የሆድ ድርቀትን፣ ኪንታሮትንና ሌሎች የአንጀት ሕመሞችን ከአሰር ማነስ ጋር አያያዘ። ሁሉንም በዚህ አንድ ምክንያት ማስረዳቱ የተጋነነ ነበር፤ መሠረቱ ግን እስከ ዛሬ አልተናደም።

እስራኤል ራሷ ደግሞ የማዕድ መለወጥ የሚያመጣው ጉዳት ማስጠንቀቂያ በደጇ ነበራት። ከየመን የመጡ አይሁድ በፔታህ ቲክቫ ዳርቻ መንደር የመሠረቱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በ1961 የታተመ የእስራኤል ጥናት፣ አዲስ በመጡት የመናውያን ዘንድ የስኳር በሽታ ከሺህ አንድ ሰው እንኳ እንደማይደርስ፣ በአገሪቱ ከ25 ዓመት በላይ በቆዩት ግን ወደ 3 ከመቶ እንደሚጠጋ አሳየ። አጥኚው ጣቱን የቀሰረው በተለይ በስኳር ላይ ነበር።

ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በብዛት የገቡት ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘለቀው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰዎች ከሱዳን ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተጓዙ። መጀመሪያ ያረፉት መርከዝ ክሊታ በሚባሉት መቀበያ ማዕከላት ነው። ከዚያ ወደየከተማው ሲከፋፈሉ ፔታህ ቲክቫም ከመኖሪያዎቻቸው አንዷ ሆነች። በአዲሱ አገር ጤፍ በቀላሉ አይገኝም ነበር፤ ነጭ ዱቄት ግን ርካሽና በየሱቁ የሞላ ነበር። ሴቶቹ እርሾውን ጥለው፣ ምጣዱን አስምተው፣ በስንዴ ዱቄት እንጀራ ጋገሩ። እንጀራው ስሙንና መልኩን እንደያዘ አሰሩ ሳይታወቅ ሄደ። በማዕዱ ላይ ነጭ ዳቦ፣ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ ተጨመሩ፤ የእርሻውና የውሃ መቅዳቱ ጉልበት ደግሞ ቀረ።

በ1988 የታተመ ጥናት ከ30 ዓመት በታች ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ወደ 9 ከመቶ የሚጠጉት የስኳር ሕመምተኞች መሆናቸውን ዘገበ። ጥፋቱን በዱቄቱ ላይ ብቻ መጫን ትክክል አይደለም፤ የኑሮው ለውጥ በሙሉ ድርሻ አለው። ሆኖም የየመናውያኑ ታሪክ በእጅ እያለ፣ ለአዲሶቹ መጤዎች የያዙትን ማዕድ ዋጋ በቋንቋቸው የሚነግር ሰው በጊዜው በበቂ አለመኖሩ ትልቅ ጉድለት ነበር።

ኋላ ጤፍ ወደ እስራኤል ገበያ ገባ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያልተዘጋጀ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ እህሉ ግን እንደ አሜሪካዋ አይዳሆ ባሉ ሌሎች ስፍራዎችም ይመረት ነበር። ከነጭ ዱቄት ይልቅ ውድ በመሆኑ ብዙ ቤት ሁለቱን ይደባልቃል፤ የአሰሩም መጠን በድብልቁ ይወሰናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። 200 ግራም የጤፍ ዱቄት ብቻውን 16 ግራም ያህሉን ይሸፍናል፤ ያው መጠን ነጭ ዱቄት ከ6 ግራም አያልፍም።