የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ

በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ አስተምር ነበር። ኮምፒውተሮችም በዚያው ዘመን መጡ። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በሞዴል 22 ፈርመው 20 ተረከቡ። አንዱ ቢጠፋ ከደመወዛቸው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ክፍሉ ተቆልፎ ሁለት ዓመት ከረመ። ሰነፍ አልነበሩም፤ እኔም ያኔ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ አምቻቸዋለሁ። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ገዳማት ያለ የዕቃ ቤት ጠባቂም ንብረቱን የሚጠብቀው በዚሁ የአደራ ሥርዓት ነው። ብራና ግን ተዘግቶ ዘመን ይሻገራል፤ ኮምፒውተር ተዘግቶ ያረጃል። በኋላ ርእሰ መምህሩ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ሲጋሯቸው በሩን ከፈቱ። ከ20ው የሠሩት ዘጠኝ ነበሩ።